እንጦጦን ለሚወጣ ፒካፕ ስንት ቁጥር ጎማ?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን ፒካፖች ተመልከቱ። አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከነበራቸው ቁመት ከፍ ተደርገዋል። ባሌስትራቸው ተቀይሯል ወይም ተጨምሮበታል፤ ከፓራፋንጎው ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ይታያል። ባዶ ቦታ ካለ ደሞ የሚከተለውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ «ትልቅ ጎማ ይገባለታል?» ብዙ ጊዜ ይገባል። ግን መግባት ሌላ፣ መስማማት ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማየት ደግሞ ከጉለሌ ዳገትና ቁልቁለት የተሻለ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ጎማው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ ከሚገጠሙት ልኮች አንዱን፣ 265/65 አር 17ን እንውሰድ። 265 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 65 ግን ሚሊሜትር እንዳይመስላችሁ፤ የጎማው የጎን ቁመት የወርዱን 65 በመቶ ያህላል ማለት ነው። «አር» ራዲያል የሚባለውን የጎማ አሠራር ያመለክታል። 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሚሊሜትር፣ መቶኛና ኢንች በአንድ መስመር! ግራ ቢገባችሁ አይፈረድባችሁም። (ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው።)

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው። የጎን ቁመቱ 265 × 0.65፣ ማለትም 172 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቸርኬው 17 × 25.4፣ ወደ 432 ሚሊሜትር። ድምሩ 776 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የጎማው ሙሉ ቁመት ይህ ነው። ከፍ ለተደረገ ፒካፕ ብዙዎች የሚመኙትን 285/70 አር 17ን በዚሁ መንገድ አስሉት፤ 831 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ። በ7 በመቶ ይበልጣል።

ትርፉ ምንድን ነው? የቁመት ልዩነቱ 55 ሚሊሜትር ቢሆንም አክሱ ከመሬት የሚርቀው በግማሹ፣ በ27 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ባሌስትራ መቀየር የሚያነሳው ቦዲውን ነው እንጂ የኋላውን አክስ አይደለም። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል ድሮ በነበረበት ከፍታ ላይ ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ጎማ ለታይታ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደሉም።

ዋጋው ግን አለ። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ክርናችሁን አጥፋችሁ ያዙ። ከዚያ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉት። ውሃው አልጨመረም፤ ትከሻችሁ ግን ወዲያው ይሰማዋል። አክሱ ትከሻችሁ፣ የጎማው ግማሽ ቁመት ደግሞ ክንዳችሁ ነው። ክንዱ በ7 በመቶ ሲረዝም፣ ሞተሩ ያው የመጠምዘዝ ጉልበት ይዞ አስፋልቱን የሚገፋበት ኃይል ከ100 ወደ 93 ገደማ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን በብስክሌት ከባድ ማርሽ እንደመጀመር ነው።

እንጦጦ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨምራል። ጫፉ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው የድሮ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ተርቦ ያለው አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው። እንግዲህ ያ 7 በመቶ የሚቀነሰው ከዚህ ከተራረፈው ጉልበት ላይ ነው።

መውጣቱ ግን ቢበዛ መጎተት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ጭነቱን ጨምሮ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ፒካፕ 400 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ የሚለቀው ጉልበት 2,000 × 9.8 × 400 ነው፤ 8 ሚሊዮን ጁል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህ ምን ያህል ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያ ጉልበት ከአንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል! የተወሰነውን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፣ የተወሰነውን ሞተሩ በማርሽ ይይዘዋል፣ የቀረውን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ትልቅ ጎማ ሲገባ በዚያው ማርሽ ሞተሩ የሚይዘው ያንሳል፤ የጎደለው ፍሬኑ ላይ ይጫናል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። የቆዩ ሾፌሮች ቁልቁለቱን ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ ይላሉ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርዱ የጭነት መኪኖችን ድምፅ ስሙ፤ ያ ጩኸት ፍሬን የሚያድን ሞተር ነው። ጎማ ላሳደገ ሰው አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ይበልጥ ይበጀዋል።

በዚህ ላይ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። የሚቆጥረው የጎማውን መንገድ ሳይሆን ዙር ነው። ትንሹ ጎማ አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ 410 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ትልቁ 383። መለኪያው በትክክል የተስተካከለ ቢሆን እንኳ 80 ሲያሳያችሁ የምትሄዱት ከ85 በላይ ነው። አምራቾች መለኪያው ትንሽ አብዝቶ እንዲያሳይ ስለሚያደርጉት ስህተቱ በከፊል ይካካሳል፤ ግን በዚያ አትተማመኑ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ለከተማ፣ ለእንጦጦና አልፎ አልፎ ለገጠር መንገድ እኔ 265/70 አር 17ን እመርጣለሁ። ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ነው፤ ጭማሪው 3.4 በመቶ ብቻ፣ ወርዱም ያው የቀድሞው። 285ቱን የፈለገ ሰው የዲፈረንሻሉን የጥርስ ሬሾም ቢቀይር ይሻለዋል። ለምሳሌ ከ3.9 ወደ 4.1 ቢሄድ ከጠፋው 7 በመቶ 5ቱን ያስመልሳል። የጭነት ቁጥሩንም እዩ፦ ከልኩ ቀጥሎ 112 ከተጻፈ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከመኪናው የመጀመሪያ ጎማ ያነሰ ቁጥር አትቀበሉ።

ጎሚስታው ጋ ከመክፈላችሁ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት፤ ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ ጠርዝ ላይ አውጥታችሁ ድገሙት። ቆሞ የማይነካ ጎማ ሾኩ ሲታመቅ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ደሞ አራት ሳይሆን አምስት ጎማ ግዙ። የድሮው ስኮርታ ከኋላ ከገባ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አይዞሩም፤ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ አራቱም እግር ተቆልፎ አስፋልት ላይ ከተነዳ ደግሞ ጥርሶቹ ይጎዳሉ።