ለውሻ የሚስማማ የፍራፍሬ ምግብ

ውሻ የቤት ጠባቂ፥ የልጆችም ወዳጅ ስለ ሆነ፥ ከሚበላው ፍሬ የሚያካፍለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ለሰው የሚጣፍጥ ሁሉ ለውሻ አይስማማም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚገባው ከወይንና ከዘቢብ ነው። ጥቂቱ እንኳ የአንዳንዱን ውሻ ኩላሊት ያበላሻል፤ የትኛው ውሻ እንደሚጎዳም አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቁራሹ እንኳ አይሰጠው። የበላ ውሻ ቢገኝ፥ እስኪያስታውከው ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

የሚስማማውን በቤት ማዘጋጀት ግን ቀላል ነው። አስቀድሞ እጅንና ዕቃን በሳሙና ማጠብ፤ ቀጥሎ አንድ የበሰለ ሙዝ ልጦ ማድቀቅ፤ ሊጡ እስኪጠብቅ ድረስ የአጃ ዱቄት ጨምሮ ማሸት፤ በትንንሹ ጠፍጥፎ በ180 ዲግሪ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል መጋገር፤ ሲበርድም መስጠት ነው። ስኳር፥ ጨውና ቅቤ አይግባበት። ዛይሊቶል የተባለው የስኳር ምትክ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ስለሚያወርድ ገዳይ ነው።

ፓፓያና ማንጎም ተልጠው ፍሬያቸው ከወጣ በኋላ በትንንሹ ተቈርጠው ይሰጣሉ። የማንጎ ፍሬ ቢዋጥ አንጀት ይዘጋል። የፖምም ፍሬ መርዝነት ስላለው ይውጣ። ይህ ሁሉ ማቈያ እንጂ ዋና ምግብ ስላልሆነ፥ ከዕለት ምግቡ ከዐሥር እጅ አንዱን አይለፍ።

መምህራን ሆይ፥ ምሳቸውን ለውሻ የሚያካፍሉ ተማሪዎቻችሁን ይህን አስተምሯቸው፤ ውሻ ከዳሰሱም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸው።