ትልቁን ቀድሞ የሚሄድ ግልገል

ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስትሄዱ ወተት ዓባይ በምትባለው ከተማ አንድ ድልድይ ታቋርጣላችሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ “ልንደርስ ነው” ብሎ ዕቃውን ያስተካክላል እንጂ ወደ ታች አያይም። እናንተ ግን ልጆቻችሁን ቀስቅሷቸውና አሳዩአቸው፤ ከሥር የሚፈስሰው ግልገል ዓባይ ነው።

እስቲ ስሙን እንመልከት። ግልገል የምንለው የበግን ወይም የፍየልን ልጅ ነው። አገራችን ይህን ስም ለወንዝ ትወደዋለች፤ በጅማ በኩል ግልገል ጊቤ፣ በመተከል ግልገል በለስ አሉ። “ዓባይ” የሚለውን ደግሞ ብዙዎች “ዐቢይ” ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ትልቅ ማለት ነው። (በ“አ” ከተጻፈ “ውሸታም” ማለትም ይሆናልና ፊደሉን ለልጆች ማስተማር አይከፋም!) እንግዲህ ስሙ “የትልቁ ትንሽ” እንደ ማለት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ግልገል እናቱን ይከተላል፤ ይህ ግን ይቀድማል። በሰከላ፣ ግሽ ተራራ ሥር፣ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከምንጭ ይነሣና ወደ ሰሜን ይወርዳል። ቆጋንና ሌሎች ወንዞችን ተቀብሎ ጣና ይገባል። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ብዙ ውኃ የሚያመጣው ይህ “ትንሽ” የተባለው ነው። ትልቁ ዓባይ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ከሐይቁ ሲወጣ ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ያዩት ይህንኑ ምንጭ ነው።

ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ምንጩን በጠበልነቱ ያከብሩታል፤ በዘፍጥረት 2፥13 ያለው ግዮንም ዓባይ ነው ይላሉ። ዕብራይስጡ “ኩሽ” ያለውን የግሪኩ ትርጉም “ኢትዮጵያ” ብሎታል። ይሁን እንጂ አብረው የተጠቀሱት ጤግሮስና ኤፍራጥስ ያሉት ሩቅ አገር ስለ ሆነ፣ እኔ በካርታ ላይ ጣቴን ለመጠቆም አልደፍርም።

ክረምት ሲበረታ ግልገሉ ደፍርሶ ይወርዳል። የሚያደፈርሰው የገበሬው የእርሻ አፈር ነው፤ ወንዙ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ እየተከማቸ ሐይቁን ይገፋዋል። ዘመዶቻችሁ በሰከላ ወይም በሜጫ ያላችሁ ባለትዳሮች፣ ለበዓል ስትሄዱ ከዳገቱ እርሻ ላይ እርከኑ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ፈርሶ ከሆነ አንድ ቀን ጨምራችሁ አብራችሁ ጠግኑ፤ ዶማውም አካፋውም እዚያው አለ።