ለእንግዳ ክብር የኾነው መዓዛ ለልጁ ሥቃይ ሲኾን

የተቈላውን ቡና ከነጢሱ በእንግዶች ፊት ማዞር በአገራችን የአክብሮት ምልክት ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለው ደጋ አገር ብርዱ ሲበረታ በሩ ይዘጋል፤ የቡናው ጢስና ዕጣኑ፥ የሚቍላላው ሽንኩርትና የራስ ቅቤው ተቀላቅለው ቤቱን ይሞሉታል። እኛ ይህን መዓዛ ብለን ደስ ይለናል። በዚያው ቤት ግን አንድ ሕፃን አፍንጫውን ይዞ እየጮኸ ወደ ደጅ ሲሮጥ ይታያል። እንግዳው ያፍራል፤ አባት ይቈጣል። አንዱ ባለጌ ነው፥ ሌላው ጋኔን ይዞታል ብሎ ይፈርዳል። ወላጆቹም ከነቀፌታ ለመዳን ልጁን በጓዳ መደበቅ ይጀምራሉ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ይህ ፍርድ ስሕተት መኾኑን መግለጥ እንወዳለን። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ኾኖ በ1943 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ስለ 11 ሕፃናት ከጻፈ ወዲህ ኦቲዝም በሕክምና ዘንድ ታውቋል። ይህም በአእምሮ ዕድገት የሚገኝ ልዩነት ነው እንጂ የወላጅ ጥፋት አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣው መመሪያ፥ ለድምፅ፥ ለብርሃን፥ ለሽታና ለመሳሰለው ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ስሜት ማሳየትን ከምልክቶቹ ጋራ ቈጥሮታል። ብዙ ሰው አንድን ሽታ ጥቂት ከቈየበት በኋላ ይለምደዋል፤ ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹን ግን ሽታው ቶሎ አይለቃቸውም። መናገር ያልቻለ ልጅ ደግሞ ሕመሙን የሚገልጠው በጩኸትና በሽሽት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ መመርመር ይገባል። እናት ወይም አባት ደብተር ይዘው ልጁ የታወከበትን ሰዓት፥ በዚያ ጊዜ የነበረውን ሽታና ያደረገውን ነገር ለኹለት ሳምንት ያህል ይጻፉ። ያን ጊዜ ጠላቱ በርበሬ ሲታመስ ነው ወይስ በረኪና፥ የእንግዳ ሽቱ ነው ወይስ የተቃጠለ ቅቤ፥ ተለይቶ ይታወቃል። ከታወቀም በኋላ በርበሬው ልጁ ቤት በሌለበት ሰዓት ይታመስ፤ ቡናውም በማድ ቤት ወይም በደጅ ይቈላ። ክፉውን ሽታ በዕጣን እሸፍናለሁ ማለት ግን በሽታ ላይ ሽታ መጨመር ነው።

ሽታና ጣዕም የተያያዙ ስለ ኾኑ ልጁ ወጡን እንቢ ቢል በግድ አይጐረስ። ትኵስ ምግብ ከቀዘቀዘው ይልቅ ይሸታልና ጥቂት አብርዶ ማቅረብ ይረዳል። አዲስ ምግብም በትንሽ በትንሹ ይለማመድ። ከጥቂት ምግብ በቀር የማይቀበልና የሚከሳ ቢኾን፥ ወይም የሽታ ጥላቻው በድንገት ቢጀምር፥ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሌሎች ልጆች ደግሞ በተቃራኒው ያገኙትን ኹሉ ያሸታሉ፤ ስለዚህ ነጭ ጋዝና ቤንዚን በተቈለፈ ስፍራ ይቀመጡ።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ሚያዝያ 30 ቀን የቅዱስ ማርቆስ በዓል ሲከበር ምእመናን በቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆመው ሲጸልዩ ይታያሉ፤ የልጁም ቤተ ሰብ ዕጣኑ ከማይበረታበት ወገን ቢቆም ነውር አይኾንበትም።

ልጁ የኦቲዝም ሕፃን የነበረ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። እርሳቸው በ2021 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ቢያርፉም፥ ተደብቀው የነበሩ ልጆችን ወደ አደባባይ ያወጣው ሥራቸው ይታወሳል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዓባይ ማዶ ናት፤ ስለዚህ የልጁ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የገዛ ቤቱ ነው።

እንግዳን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ቡናው በማድ ቤት ተቈልቶ ቢቀርብለት ክብሩ የሚጐድልበት እንግዳ የለም፤ ልጁ ግን ከጓዳ ወጥቶ ከወላጆቹ አጠገብ ይቀመጣል።