ሱዳን ከእንግሊዝ አገዛዝ እንዴት ወጣች? ተመራቂዎቹና ያልተጠሩት

ጎረቤታችን ሱዳን ስትነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጦርነትና ስደት ነው። ይህች አገር ግን ከቅኝ አገዛዝ የወጣችው በምርጫና በፓርላማ ውሳኔ ነበር፤ መንገዱን የከፈቱትም የተማሩ ወጣቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሂደቱን ባጭሩ እናያለን፤ ማን ከሂደቱ ውጪ እንደቀረም እንጠይቃለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ባንዲራ፣ አንድ ገዢ

በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኦምዱርማን አቅራቢያ ከረሪ ላይ የመህዲያን መንግሥት ድል አደረገ። በ1899 በተፈረመ ስምምነት ሱዳን የሁለቱ አገሮች የጋራ ግዛት ተባለች። የሁለቱም ባንዲራ ቢውለበለብም ሥልጣኑ በተግባር የእንግሊዞች ነበር።

ገዢዎቹ ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ስላስፈለጋቸው በ1902 ካርቱም ውስጥ ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅን ከፈቱ። ለቢሮ ሥራ የተዘጋጁት ልጆች ግን ስለ አገራቸው መጠየቅ ጀመሩ። በ1924 በዐሊ ዐብዱልለጢፍ የሚመራው የነጭ ባንዲራ ማኅበር ተቃውሞ በኃይል ታፈነ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች የተማረውን ወገን ገሸሽ አድርገው የጎሳ መሪዎችን አስጠጉ። በ1931 የተመራቂዎች መነሻ ደመወዝ ሲቀነስ የኮሌጁ ተማሪዎች አድማ መቱ።

የተመራቂዎች ጉባኤ

በ1936 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን የሚመለከት ውል ሲፈራረሙ ሱዳናውያንን ያማከራቸው አልነበረም። ይህ ቁጭት በ1938 የተመራቂዎች ጠቅላላ ጉባኤን ወለደ። ጉባኤው መጀመሪያ ያተኮረው በትምህርት ላይ ነበር፤ ከሕዝብ ገንዘብ እያሰባሰበ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በ1942 ግን 12 ጥያቄዎችን የያዘ ማስታወሻ ለመንግሥት አቀረበ። ዋናው ጥያቄ ጦርነቱ እንዳበቃ ሱዳናውያን የራሳቸውን ዕድል ራሳቸው ይወስኑ የሚል ነበር። መንግሥት ማስታወሻውን አልቀበልም አለ።

ከዚህ በኋላ ተመራቂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። የሒሳብ መምህር የነበረው ኢስማኢል አል-አዝሃሪ የሚመራው ወገን ከግብፅ ጋር አንድነትን ፈለገ፤ የኻትሚያ ጦሪቃ መሪ ሰይድ ዐሊ አል-ሚርገኒም ደገፉት። ሌላው ወገን በአንሷሮች መሪ ሰይድ ዐብዱረሕማን አል-መህዲ ጥላ ሥር ኡማ ፓርቲን መሥርቶ «ሱዳን ለሱዳናውያን» አለ።

በ1952 የግብፅ መኮንኖች ንጉሡን ሲያወርዱ ሁኔታው ተለወጠ። አዲሱ የግብፅ መንግሥት በሱዳን ላይ የነበረውን የንግሥና ጥያቄ ትቶ የሱዳናውያንን የመወሰን መብት ተቀበለ። በየካቲት 1953 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ከሦስት ዓመት የማይበልጥ የሽግግር ጊዜ ተወሰነ። በዓመቱ መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ የአል-አዝሃሪ ፓርቲ አሸነፈ። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን አል-አዝሃሪ ራሱ ወደ ሙሉ ነፃነት አዘነበለ። ፓርላማው ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 ነፃነትን አወጀ። ጥር 1 ቀን 1956 አዲሱን ባንዲራ የሰቀሉት አል-አዝሃሪና የተቃዋሚዎቹ መሪ ሙሐመድ አሕመድ መሕጁብ አብረው ነበር። መሕጁብ ከጎርደን ኮሌጅ በምህንድስና የተመረቀ፣ በኋላም ሕግ የተማረ ሰው ነበር።

ያልተጠሩት

እንግሊዞች ደቡቡን ከሰሜኑ ለይተው ነበር የሚያስተዳድሩት። ከ1922 ጀምሮ በወጣ ሕግ የሰሜን ሰዎች ወደዚያ እንደልብ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ትምህርቱም ለሚሲዮናውያን ተተወ። በ1947 ከተካሄደው የጁባ ጉባኤ ወዲህ ደቡቡ ከሰሜኑ ጋር እንዲቀጥል ተደረገ። የ1953ቱ ስምምነት ሲደራደሩ ግን የደቡብ ተወካይ አልተጠራም። እንግሊዞች ከለቀቋቸው 800 ያህል የመንግሥት የሥራ መደቦች ውስጥም ለደቡብ ተወላጆች የደረሱት ከ10 ያነሱ ነበሩ።

ነሐሴ 1955 ቶሪት ላይ የደቡብ ወታደሮች አመፁ። የደቡብ የፓርላማ አባላት ለነፃነት አዋጁ ድምፅ የሰጡት የፌዴሬሽን ጥያቄያቸው ይታያል ተብለው ነው። ቃሉ ሳይፈጸም ቀረ። ጦርነቱ እስከ 1972 ቀጠለ፤ ያንን ያስቆመው ውል የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ1983 ጦርነት እንደገና ተነሳ፤ በ2011 ደቡብ ሱዳን ተገንጥላ ወጣች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ተደራጅተው፣ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አቅርበው የአገርን አቅጣጫ መለወጥ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ እኩልነት ሲነፈግ የተቆጡ ሰዎች ራሳቸው ሥልጣን ሲይዙ ለሌላው እኩልነትን ሊነፍጉ ይችላሉ። ነገ ቢሮና ሥልጣን የምንረከብ እኛ ተማሪዎች ሹራችን ላይ «ያልተጠራ ማን አለ?» ብለን መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።