ወንዙ ሲነጠቅ የመጣ በሽታ

«የስኳር በሽታ የባለጠጋ በሽታ ነው» ሲባል በከተማችን ዘወትር እንሰማለን። ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን የፒማ ሕዝብ ታሪክ በሚገባ ያስረዳልና፣ አንባብያን ሆይ፣ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒማዎች በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ በጊላ ወንዝ ዳር የሚኖሩ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። በቋንቋቸውም ራሳቸውን «የወንዝ ሰዎች» ይላሉ። በመስኖ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ እያመረቱ ይኖሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ከወንዙ በላይ የሰፈሩ መጤዎች ውሃውን ወደ እርሻቸው ጠለፉት። ከዚህም የተነሣ ማሳው ደረቀ፤ ረኀብም ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በርዳታ በሚታደል ዱቄት፣ ሞራና ስኳር ይተዳደር ጀመር፤ ቦይ ሲቆፍር የኖረውም ክንድ ሥራ ፈታ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስኳር በሽታ በፒማዎች ዘንድ እምብዛም አይታይም ነበር። በ1965 የተጀመረው ጥናት ግን ከ35 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን በሽተኞች ሆነው አገኛቸው።

«በሽታው ከዘራቸው ነው» የሚል ሰው በከፊል እውነት ይናገራል፤ ለበሽታው የሚያጋልጥ ውርስ አላቸውና። ነገር ግን በ2006 የታተመ ጥናት፣ በሜክሲኮ ተራሮች እያረሱ የሚኖሩትን የማይኮባ ፒማዎች ከአሪዞናዎቹ ጋር ሲያነጻጽር፣ በሽታው በእነዚያ 6.9፣ በእነዚህ 38 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ተቀራራቢ ነው፤ አኗኗሩ ግን የተለያየ ነው።

በአኗኗር የመጣውን በአኗኗር መመለስ ይቻላል። ለበሽታው በተቃረቡ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ምርምር፣ ክብደትን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ በሽታውን በ58 በመቶ እንደሚገታ አሳይቷል። በ1997 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ለነባር ሕዝቦች ልዩ ገንዘብ መደበ፤ የመከላከሉንና የሕክምናውን ሥራ እያንዳንዱ ነገድ ራሱ አቀደው። ኩላሊታቸው ቶሎ ተመረመረ፤ የደም ግፊታቸውም ታከመ። ስለዚህ በነባር ሕዝቦች መካከል ከስኳር በሽታ የሚመጣው የኩላሊት ድካም ከ1996 እስከ 2013 በ54 በመቶ ቀነሰ። በ2004 የወጣው ሕግም የጊላ ፒማዎችን የውሃ መብት አጸናላቸው።

እንግዲህ ውሃ ጥም የሚጸናበት፣ ሽንት የሚያበዛና ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ብናይ «ሆዳም ስለሆነ ነው» ብለን አንፍረድበት፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንምከረው እንጂ።