ጠጅን በአገሩና በአበባው ማወቅ

በምሥራቅ ፈረንሳይ ቡርጎኝ በሚባለው አገር ቀይ ወይን የሚጠመቀው፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ፒኖ ኗር ከተባለ አንድ የወይን ዘር ነው። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ በ1395 እ.ኤ.አ. ጋሜ የተባለው ዘር እንዲነቀል አዝዞ ነበር። ዘሩ አንድ ይሁን እንጂ የአንዱ ማሳ ወይን ከአጎራባቹ ማሳ በመዓዛም በጣዕምም ይለያል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የማሳው ስምና ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ይጻፋል፤ ሰብሳቢዎችም ከሁለት ሔክታር ከምታንሰው ከሮማኔ ኮንቲ ማሳ ለሚገኝ ወይን ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ አንዱን ከሌላው አለመቀላቀል ነው። የጎጃም ጠጅም ልዩ ልዩ ጣዕም አላነሰውም፤ ያጣው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ያለብሱታል፤ ኑጉም ተከትሎ ያብባል። የዚህ ወቅት ማር ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይቆረጣል። ግንቦትና ሰኔ የሚቆረጠው ደግሞ ቢሳናን ከመሳሰሉ ዛፎች የተቀሰመ ነውና በቀለሙም በጣዕሙም ሌላ ነው። ወደ ሰከላ ደጋ ሲወጡ፣ ወደ ብር ሸለቆ ሲወርዱም ንቡ የሚያገኘው አበባ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ማር ግን ገበያ ሲደርስ ባንድ ዕቃ ይገለበጥና «የጎጃም ማር» ይባላል። ጠጅ ጣይዋ ከሰፈፉ ጋር ገዝታ፣ በውሃ በጥብጣ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ትጥለዋለች፤ ሲፈላም ጌሾ ትጨምርበታለች። እጇ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ የተቀላቀለውን ማር መልሳ ልትለየው አትችልም።

ጌሾውና ጭሱ የማሩን ጣዕም ይሸፍኑታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነትነት አለው፤ ጭሱ ሲበዛ ከጭስ በቀር የሚቀመስ ነገር አይኖርም። ነገር ግን ቡርጎኞችም ወይናቸውን በባሉጥ በርሜል ያኖራሉ፣ እንጨቱም የራሱን ጣዕም ይሰጣል። ጌሾው ከአንድ ጓሮ፣ መጠኑና ጭሱም እኩል ከሆነ ሁለት ጠጆችን የሚለያቸው ማሩ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀለሙን ማየት፣ ከጠባቡ አንገት የሚወጣውን መዓዛ ማሽተት፣ ከዚያ ጥቂት አፍ ውስጥ አቆይቶ ጣፋጩ ቀድሞ የጌሾው ምሬት እንዴት እንደሚከተል ማስተዋል ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጠጅ አይቆይም፣ ይኮመጥጣል የሚለው ነው። በጋን ያለ፣ አየር የሚያገኘው፣ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ የተበጠበጠ ጠጅ በእርግጥ አይቆይም። ፖላንዶች ግን ፑውቶራክ የሚሉትን የማር ወይን ለአንድ እጅ ማር ግማሽ እጅ ውሃ ብቻ ጨምረው ይጠምቁታል፤ በባህላዊ አሠራሩም ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይቆይ አይሸጥም። ስለዚህ የጠጅን ዕድሜ የሚያሳጥረው የውሃው ብዛትና የዕቃው አለመታሸግ እንጂ ማሩ አይደለም።

ይህ የባለጠጋ ጨዋታ ነው፣ ማሩንም ያስወድዳል የሚልም አይጠፋም። ለጠጅ ቤቱ ደንበኛ የተቀላቀለው ማር አይቀርበትም። ለአናቢው ግን ስም ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው፣ በ2007ም ከቡና ኩባንያው ስታርባክስ ጋር የተስማማችው ለዚሁ ነው። ቡርጎኝም ብትሆን በሐሰት ስም የሚሸጠው ወይን ስላስቸገረ ነው ከሌላው የፈረንሳይ ወይን አምራች ጋር የወይንን የመገኛ ስም በሚያስከብረው በ1935ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ የተጠለለችው።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ከአንድ አናቢ የኅዳሩንና የሰኔውን ማር ለየብቻ መግዛት፣ በአንድ ዓይነት ጌሾ መጣል፣ ውሃውን መቀነስ፣ ፍላቱ ፈጽሞ ሲያበቃ አጥልሎ በጠርሙስ ማሸግና ቀበሌውንና ወሩን መጻፍ፤ ከየዓይነቱ አንዱን አሁን ቀምሶ ሌላውን ለከርሞ ማኖር።