ፈረስ አጎቴ ነው

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። መልሱ ሽሽት ቢሆንም ሐሰት የለበትም። እናቱ ባዝራ፣ አባቱ አህያ ናቸው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፤ አህያ 62። ለበቅሎ የሚደርሰው 63 ነው። የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ እነዚህ ክሮሞዞሞች በትክክል መጣመድ ያቅታቸዋል፤ በቅሎም እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አትወልድም።

ኧርነስት ማየር የተባለው ባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1942 ያስፋፋው የዝርያ ትርጓሜ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ በተፈጥሮ እርስ በርስ የሚዋለዱ፣ ከሌላው ጋር ግን የማይዋለዱ አንድ ዝርያ ናቸው። በዚህ ሚዛን የቦረና ላምና የፎገራ ኮርማ አንድ ዝርያ ሲሆኑ ፈረስና አህያ ሁለት ናቸው። አማርኛ ግን እንደ ቦረናና ፎገራ ያሉትን የከብት ዘሮችም «ዝርያ» ስለሚል ነገሩ ይደበላለቃል።

ሚዛኑ አዋሽ ወንዝ ሲደርስ ይዋልላል። ከአዋሽ ፏፏቴ በላይ አኑቢስ፣ ወደ ታች ሐማድሪያስ የሚባሉ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። የሐማድሪያሱ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ሰብስቦ አንገታቸውን እየነከሰ ይጠብቃል፤ አኑቢሱ እንዲህ አያደርግም። መንጎቹ በሚገናኙበት ቦታ ግን ይዳቀላሉ፤ ዲቃላዎቹም ይወልዳሉ። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደ ሁለት ዝርያ ያዩአቸዋል።

ተቃራኒውም አለ። የአፍሪካና የዩራሺያ «ወርቃማ ቀበሮዎች» በመልክ ስለሚመሳሰሉ ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ተጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ከተለያዩ ሚሊዮን ዓመት እንዳለፋቸው፣ የአፍሪካውም ለተኩላ እንደሚቀርብ አሳየ።

ታዲያ ስንት በመቶ ልዩነት ይበቃል? የተቆረጠ ቁጥር የለም። ዘረመሉ ከአካል ቅርጽ፣ ከድምፅና ከባሕርይ ጋር አብሮ ይመዘናል።

ባሌ ላይ ጥያቄው የህልውና ነው። ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የሥጋ ዘመዱ ተኩላ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። በ1990ዎቹ በወብ ሸለቆ የተደረገ የዘረመል ምርመራ አንዳንዶቹ ከመንደር ውሾች ጋር መዳቀላቸውን አረጋገጠ። ዲቃላው ስለሚወልድ የውሻው ዘር ወደ ጥቂቶቹ ቀበሮዎች ሊሰርግ ይችላል። ስለዚህ የጥበቃ ሠራተኞች የአካባቢውን ውሾች ለእብድ ውሻ በሽታ ከመከተብ አልፈው እንዳይራቡ ወደ ማምከንም ገብተዋል።